የደምሰው እጅ

ማክሰኞ 11/8/2015 (በፈረንጆች)

ሐኪሙ «የሚያበሳጭህን ነገር ጻፈው፣ ልብህ ላይ አታስቀምጠው» ስላለኝ ይህን ደብተር ከልጄ ከኦርያን የድሮ የትምህርት ቤት ዕቃ ውስጥ አወጣሁት። ኦርያን አሁን ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ነርስነት ትማራለች። ደብተሩ ግን ሽፋኑ ላይ የፈረስ ሥዕል አለበት። በሃምሳ ሰባት ዓመቴ የልጅ ደብተር ላይ ሆዴን ላወራ ነው።

ጺንቱር ከተደረገልኝ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። በጭኔ በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብተው የልቤን ቧንቧ ከፈቱት። እዚሁ ናታንያ፣ ፖሌግ ያለው ፋብሪካ አለቃዬ ደውሎ «አርፈህ ተኛ፣ አሃሬ ሃሃጊም ትመለሳለህ» አለኝ። ከበዓላት በኋላ ማለቱ ነው። እዚህ አገር ከነሐሴ ጀምሮ ምንም ነገር ብትጠይቅ መልሱ ይኸው ነው። ቧንቧ ቢፈነዳ፣ መሥሪያ ቤት ወረቀት ብትፈልግ፣ አሃሬ ሃሃጊም።

እኔ ግን አልጠብቅም። የሬድዮ ማስተላለፊያ እሠራለሁ። በድሮው ሥራ፣ በመስታወት ቫልቭ።

ዓርብ 14/8

ደምሰው ዛሬም በሬድዮ መጣ። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ የሚኖረው ቂርያት ጋት ነው። በየዓርቡ ጠዋት፣ በዚህ አገር አቆጣጠር በአሥር ሰዓት፣ እሱና ጥቂት ሽማግሌዎች በሬድዮ ይገናኙና በሞርስ፣ በአጭርና በረጅም ምት፣ ስለ ጤናቸውና ስለ አንቴናቸው ያወራሉ። እኔ መቀበያ እንጂ ማስተላለፊያ ስለሌለኝ ጆሮ ብቻ ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ በየዓርቡ ሰምቼዋለሁ። እሱ አያውቅም።

ሰው ሞርስ ሲመታ እጁ ይታወቃል፤ ልክ ድምፁ እንደሚታወቅ። ደምሰው ረጅሙን ምት ከሚገባው በላይ ትንሽ ይጎትታል። ጎንደር በጦሩ መገናኛ ክፍል በነበርኩበት ጊዜ፣ ፈቃድ ወጥቼ ቤት ስመጣ፣ ጣሳ በማንኪያ እየመታሁ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። መጎተቱንም ከኔ ነው የወሰደው።

ከተነጋገርን ሰባት ዓመት ሆነን። የአክስታችን ልጅ ሠርግ ላይ፣ ማይክሮፎኑን ይዞ፣ «ወንድሜ የጦር ሠራዊት ሬድዮ ሠራተኛ ነበር፤ ዛሬ ፖሌግ ካርቶን ያሽጋል። ቢጠራው ቢጠራው ካርቶኑ አልመልስ አለው» አለ። አዳራሹ ሙሉ ሳቀ። ይቅርታ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው።

ስልክ ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ አልደውልም። በሬድዮ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጥሪ ስታደርግ የምትጠራው ማንንም አይደለም፤ የሰማ ሁሉ ይመልሳል። እኔ በዓርብ አሥር ሰዓት ጥሪ አደርጋለሁ። እሱ ከመለሰ የመለሰው እሱ ነው። እኔ ቀድሜ አላናገርኩትም።

መግዛት አይቻልም ወይ አለችኝ ኦርያን። የተገዛ ዕቃማ ማንም ያበራል። ደምሰው የራሱን በቫልቭ ሠርቷል። እኔ በተገዛ ብመጣበት አፉን ሞልቶ ይስቅብኛል።

ረቡዕ 19/8

የሺአረግ አኮረፈች። ባለቤቴ ከተቆጣች ሳህኖቹ ይናገራሉ። ለማስተላለፊያው መቀመጫ የሚሆን አሉሚኒየም ፈልጌ ስላጣሁ የሰንበት ዳቦ የምትጋግርበትን ትሪ ገልብጬ አራት ትልልቅ ቀዳዳ በሳሁበት።

«አንተ ሰውየ፣ እንዴው ሌላ ብረት ጠፋ? ከሆስፒታል የወጣኸው ትሪዬን ልትበሳ ነው?»

«ሌላ እገዛልሻለሁ።»

«አሃሬ ሃሃጊም ትገዛልኛለህ!»

ቀዳዳዎቹ ግን አምረዋል።

ረቡዕ 26/8

ታች ቤት ያለው ግሪሻ ሩሲያዊ ነው፤ ሞስኮ ቴሌቪዥን ይጠግን ነበር። ሁለት ቫልቭና ከድሮ ቴሌቪዥን የወጣ ከባድ ትራንስፎርመር ይዞልኝ መጣ። ሁለታችንም በተሰበረ እብራይስጥ ስንግባባ ኦርያን በሳቅ ትሞታለች። ሽቦውን የጠመጠምኩት በልብ መድኃኒቴ ባዶ ጠርሙስ ላይ ነው፤ ሃያ ሁለት ዙር። ግሪሻ ቆጥሮ «ሃያ አንድ ነው» አለ። ደግሜ ጠመጠምኩት።

ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ደረጃ ላይ ይዛኝ፣ ሰገነቱ ላይ የዘረጋሁት ሽቦ ክሪና ነው፣ ጨረሩ ካንሰር ያመጣል አለችኝ። ሽቦው እኮ ለመስሚያ ብቻ ነው፣ አራት ዓመት እዚያው ነበር አልኳት። «ለዚያ ነዋ የሚያመኝ» አለች። ሰላሳ ዓመት በዚህ አገር ኖሬ ለክፉ ነገር ሁሉ ምክንያት ሆኛለሁ።

ሐሙስ 3/9

በራ! በራ!

በአንቴናው ፋንታ አምፖል አሰርኩበት፤ ሞካሪ የሚያደርገው እንደዚያ ነው። መምቻውን ስጫን አምፖሉ ይበራል፣ ስለቅ ይጠፋል። ቫልቮቹ ውስጥ ያቺ ብርቱካን ቀለም አለች። ስድስት መቶ ቮልት ነው፣ እንዳይመታኝ አንድ እጄን ኪሴ ከትቼ ነው የዞርኩት። የሺአረግ እንኳ ከወጥ ቤት ወጥታ አየችው። «እና አሁን ምን ያደርጋል?» አለች። «ያናግራል» አልኳት። ማንን እንደሚያናግር አልጠየቀችኝም። ታውቃለች።

ዓርብ 4/9

መጻፍ አልፈልግም ግን ልጻፈው።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ነገር ተገጥሞ ነበር። ደምሰው መጣ፤ ጥርት ብሎ። ሃይፋ ለሚኖረው ሽማግሌ ጓደኛው «ትንሽ ደክሞኛል፣ ሙቀቱ ነው» ብሎ መታለት። ጣቴ መምቻው ላይ ነበር። ከዚያ የራሴን ድምፅ በመቀበያው ሞከርኩት፤ ስጫነው ይጮሃል እንጂ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ጭው ጭው ይላል እንደ ጫጩት። በዚህ ድምፅ ብመጣበት ምን እንደሚል አውቃለሁ። ካርቶኑ መለሰለት ይላል።

አልመታሁም። ድምፁን አስተካክዬ ለሚቀጥለው ዓርብ።

እሁድ 6/9

የሺአረግ ከሰዓት በፊት ስልክ ተደወለላትና ሳትነግረኝ ወጣች። ኦርያንም አብራት። የተውልኝ ምሳ የለም።

ሰኞ 7/9

ማታ ተመለሱ። የሺአረግ ዐይኗ አብጧል። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «አቧራ ነው» አለች። ቂርያት ጋት የጓደኛዋ ልጅ ሠርግ ስላለ ሳምንቱን ዝግጅት ልታግዝ እዚያ ትመላለሳለች። ቂርያት ጋት! እኔ የማልረግጠው ከተማ ሄዳ ሽንኩርት ልትልጥ። ደምሰውን አየሽው ወይ ብዬ ልጠይቃት ነበር፤ ምላሴ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ይጠይቃል ብላ እንድታወራለት አልፈልግም።

ኦርያን ስልኬን ወሰደችብኝ። «አባ፣ ዳይ፣ በቃ፣ ስክሪኑ ተሰንጥቋል፣ አሠራልሃለሁ» አለች። ሁለት ዓመት ተሰንጥቆ ሲኖር አላየችውም ነበር።

ማክሰኞ 8/9

ሰማዩ ቢጫ ሆኗል። ከሶርያ በኩል የመጣ አሸዋ ነው አሉ። ባሕሩ ከሰገነቱ አይታይም። የልብ ሰው ከቤት እንዳይወጣ በሬድዮ ተናግረዋል። በር ዘግቼ ጫጩቱን ስጠግን ዋልኩ፤ ለመጀመሪያው ቫልቭ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ለብቻ አደረግሁት፤ ጩኸቱ ቀነሰ።

ግሪሻ መጣ። ትራንስፎርመሩን በእጁ ዳሰሰና «ይሞቃል፣ ይቃጠላል፣ እንደገና ልጠምጥመው» ብሎ ነቅሎት ሄደ። አልሞቀም ነበር! እኔ ነኝ የገነባሁት፣ አልሞቀም። «እስከ ዓርብ ትመልሰዋለህ?» ስለው መሬት መሬት እያየ «አሃሬ ሃሃጊም» አለኝ። ሩሲያዊውም!

ዓርብ 11/9

በአሥር ሰዓት ልቀመጥ ስል የሺአረግ «ገበያ አብረኸኝ ካልሄድህ አልሄድም» ብላ ቆመች። በሕይወቷ ገበያ ይዛኝ ሄዳ አታውቅም። በአሸዋው መካከል ሁለታችን ቲማቲም ስንመርጥ አሥር ሰዓት አለፈ። ሆን ብላ ነው። ይህን መሣሪያ አትወደውም፣ ደምሰውንም አትወደውም፣ እንድንታረቅም አትፈልግም ብዬ አሰብኩ። ቲማቲሙን ሳታይ የበሰበሰውንም ትከት ነበር፤ ከጥፋተኛነት ይሆናል።

እሁድ 13/9፣ የአይሁድ አዲስ ዓመት ዋዜማ

የእኛ የኢትዮጵያ አይሁዶች ቄስ የሆኑት ቄስ ውበቱ ሊጠይቁኝ መጡ። እንግዲህ እኒህ ሽማግሌ ናቸው ለኔና ለደምሰው መታረቅ ሁለት ጊዜ ሞክረው ያልተሳካላቸው። ብርጭቆ ውሃ ተቀብለው ሳይጠጡት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ «ልብህ እንዴት ነው?» አሉኝ። ደህና ነው አልኳቸው። «ሐኪሙ ምን አለ? ድንጋጤ ይችላል ወይ?» አሉ። ምን ድንጋጤ አለብኝ፣ ቤት ተቀምጬ ሽቦ የምጠመጥም ሰው ነኝ አልኳቸው።

እኔው ራሴ አነሳሁት። «አባ፣ ዘንድሮ እታረቃለሁ፤ በራሴ መንገድ» አልኳቸው። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጎተቱ። እርጅና ነው፤ ዐይናቸው ያነባል። ሲወጡ የሺአረግን ደረጃው ላይ «ከበዓላቱ በኋላ» ሲሏት ሰማሁ። ቄሱም ተበክለዋል።

ዓርብ 18/9

ዛሬ ማንም አልከለከለኝም፤ የሺአረግ ተኝታ ነበር። በአሥር ሰዓት ከአምስት ጆሮ ማዳመጫውን አደረግሁ። ጩኸት ብዙ ነበር። የሃይፋው ሽማግሌ ዘግይቶ ሲመታ የደምሰውን የጥሪ ስም ሰማሁ፤ ተከትሎም «ኤስ ኬ»። በጦሩ ትምህርት ቤት ኤስ ኬ ማለት ጨረስኩ፣ ንግግሩ አብቅቷል ማለት ነው። እንግዲህ ደምሰው መጥቶ፣ አውርቶ፣ ጨርሶ ሄዷል። እኔ አምስት ደቂቃ ዘገየሁ። ዕድሌ ሁልጊዜ አምስት ደቂቃ ይዘገያል።

ግሪሻ በር አይከፍትም። ቤት ውስጥ እንዳለ ቴሌቪዥኑ ይሰማኛል። ትራንስፎርመሬን ሸጦት ይሆናል።

ማክሰኞ 22/9፣ የዮም ኪፑር ዋዜማ

ይቅርታ የሚጠየቅበት ቀን ነው። ለእግዚአብሔር የበደልከውን እሱ ይቅር ይልሃል፤ ሰውን የበደልከውን ሰውየው ካልማረህ አይሆንም።

ያን ቀን ሠርጉ ላይ እኔም አንድ ቃል ተናግሬያለሁ። እስከ ዛሬ አልጻፍኩትም። ሁሉም ሲስቅ ተነሣሁና «እኔ ካርቶን አሽጋለሁ፤ አንተ ግን እናታችንን ሱዳን በረሃ ጥለህ በመኪና የወጣህ ሰው ነህ» አልኩት። ሳቁ ቆመ። ደምሰው ማይክሮፎኑን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀምጦ ወጣ። በፈረንጆች በሰማንያ አራት አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። እናታችን እሱ በሄደ በሁለተኛው ሳምንት ሞተች።

እሱ ቀድሞ ነው የሰደበኝ። ቢሆንም።

ዛሬ ከሰዓት የሺአረግ ገላዋን ስትታጠብ በቤቱ ስልክ ደወልኩ። እኔ! ሰባት ዓመት የማልኩትን መሐላ ጥሼ። ያነሣችው ሚስቱ ፈንታነሽ ናት። «ፈንታነሽ፣ አለነ ነኝ» አልኩ። «ደምሰውን ስጪኝ፣ ሁለት ቃል ብቻ ነው» አልኩ።

«ደምሰው የለም» አለች።

«መቼ ይመለሳል?»

ስልኩን ዘጋችብኝ። አጠገቧ ተቀምጦ በእጁ የለም በይው ብሏት ነው። ለኔ የለም። ጾሙን የያዝኩት በዚህ ሆድ ነው።

ዓርብ 25/9

አልሰማሁም። መቀበያውን አላበራሁትም። ለምን አበራለታለሁ?

በአሥር ሰዓት ከአምስት አበራሁት። የለም።

ዓርብ 2/10፣ የሱኮት፣ የዳስ በዓል

የለም። ኦርያን አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ልጅ ሳለች እንደምታደርገው አንዱን ጆሮ ማዳመጫ ወሰደች። «አባ፣ እሱ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አለችኝ። «ነው እንጂ ነበር አይባልም፤ አማርኛሽ ጠፍቷል» ብዬ አረምኳት። «ስሊሃ፣ ይቅርታ» አለችና ተነሥታ ሄደች። ከልጄ ጋር በደንብ መነጋገር አለብኝ፤ ቋንቋዋን እያጣች ነው።

ሰኞ 5/10

የመጨረሻው በዓል ዛሬ ፀሐይ ስትገባ ይወጣል። እንግዲህ አሃሬ ሃሃጊም መጣ። ነገ ግሪሻን አንገቱን ይዤ ትራንስፎርመሬን አወጣለሁ።

ረቡዕ 7/10

ሊነጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ቄስ ውበቱ ከፊት ናቸው፤ ከኋላቸው ሰባት ስምንት ሰው፤ ሴቶቹ የነጠላቸውን ጥለት ወደ ላይ አድርገዋል። ኦርያን ልብስ ለብሳ ተቀምጣለች፣ አልተኛችም። የሺአረግ ጥቁር ለብሳለች። እንደዚህ ያለ ሰዓት እንደዚህ ያሉ ሰዎች ወደ ቤት ሲገቡ ለምን እንደሆነ ማንም አይነግርህም። እኔም ስንቱ ቤት እንደዚህ ገብቻለሁ።

«ልጄ አለነ፣ ተቀመጥ» አሉኝ ቄሱ። «ደምሰው ዐረፈ።»

«መቼ?» አልኩ። ዛሬ ሌሊት መስሎኝ ነበር።

ሴፕቴምበር ስድስት። እሁድ ጠዋት፣ ልቡ። በዚያው ቀን ተቀበረ። የሠርጉ ሽንኩርት፣ አሸዋው፣ ገበያው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ቀን ስቆጥር ማልቀስ አቃተኝ።

የሺአረግ ጉልበቴን ይዛ «ልብህን ፈርተን ነው፣ የኦርያን አባት። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካው ብሎ ነበር። በኋላ ደግሞ በዓል ገባ፣ በበዓል መርዶ አይነገርም» አለች። ቄሱ «ውሳኔው የኔ ነው፣ በኔ ላይ ፍረድ» አሉ። በአገራችን እንደዚህ ነው፤ ያመመው ሰው እስኪበረታ፣ ሩቅ ያለው እስኪቀርብ መርዶ ይሸሸጋል። እኔ በነሱ ቦታ ብሆን አደርገው ነበር፤ ለዚህ ነው መሳደብ ያቃተኝ።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሸሚዜን ቀደዱልኝ። ሺቫ፣ የሰባት ቀኑን ልቅሶ፣ እቀመጣለሁ አልኩ፤ ቢያንስ ሰባት ቀን።

የሰፈሩ ምኩራብ ራቢ መጣ፤ ጢሙ ገና ያልሞላ ልጅ ነው፣ ጥሩ ልጅ። በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ በለስላሳ ድምፅ ሕጉን ነገረን። ይህ ሽሙዓ ረሖቃ ይባላል፣ የሩቅ ወሬ። ከሞተ ሠላሳ ቀን ካለፈ በኋላ የሰማ ሰው ሰባት ቀን አይቀመጥም። አንድ ሰዓት ይበቃዋል።

«ስንት ቀን ነው ያለፈው?» አሉ ቄሱ።

«ሠላሳኛው ሰኞ ነበር፤ በዓሉ ሲወጣ አብሮ ወጣ። ዛሬ ሠላሳ ሁለተኛው ነው።»

ቄሱ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ለልቤ ብለው ደበቁኝ፣ ለበዓሉ ብለው ደበቁኝ፣ በሁለት ቀን ልቅሶዬን ወሰዱት።

ሰዓቱን ኦርያን በስልኳ ያዘችው። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ለማንም ያልተናገርኩትን ለራሴ ተናገርኩ። ደምሰው እናታችንን አልጣላትም። ሱዳን በስውር ሰው መርጠው ወደዚህ አገር የሚልኩት የኮሚቴው ሰዎች ስሙን ሲጠሩ አልሄድም ብሎ ነበር። ክንዱን ይዛ «ሂድ፣ አንተ ሂድ፣ አለነ አለልኝ» ያለችው እሷ ናት። አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። ሠርጉ ላይ ያን ቃል ስናገር ይህን እያወቅሁ ነው የተናገርኩት። የሚያውቅ ሌላ ሰው እንደሌለም አውቃለሁ። እንዲህ ያለውን ለመጨረስ አንድ ሰዓት አይበቃም። አንዱ ሰውዬ ናታንያ መኪና ማቆሚያ ማጣቱን ያወራ ነበር፤ ስልኩ ጮኸ፣ ሰዉ ወንበር ማስተካከል ጀመረ።

ሐሙስ 8/10

ግሪሻ ትራንስፎርመሩን ይዞ መጣ፤ ኮፍያውን አውልቆ። አልጠመጠመውም፤ ሽቦው ያው የድሮው ነው። «ልጅህ ለመነችኝ። በሬድዮ ጠርተህ እንዳትሰማ» አለኝ። ከዚያ ደግሞ እኔ የማላውቀውን ነገረኝ፤ በአማተሮች ዘንድ ከአንድ ሰው የጥሪ ስም በኋላ ኤስ ኬ ከተመታ ሰውየው ሞቷል ማለት ነው፣ መምቻው ዝም ብሏል ለማለት። ጦሩ ትምህርት ቤት ይህን አላስተማረንም። እኔ ሰምቼዋለሁ እኮ። በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ፣ ዘገየሁ ብዬ ነው ያዘንኩት።

አብረን ገጠምነው። ድምፁ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ምንም ጭው ጭው የለበትም።

ዓርብ 9/10

በአሥር ሰዓት ጥሪ አደረግሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ማስተላለፊያ። የሃይፋው ሽማግሌ ወዲያው መለሰ። በእብራይስጥ ፊደል እየመታ፣ ድምፅህ የድሮ ቫልቭ ድምፅ ነው፣ ግሩም ነው፣ እጅህም የማውቀው እጅ ይመስላል፣ ማን ልበል? አለኝ።

«ስሜ አለነ፣ ከናታንያ። የደምሰው ወንድም ነኝ» ብዬ መታሁ።

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዷን ፊደል እየለየ መታልኝ።

«ሺቫው ላይ ሦስት ቀን ተቀምጬ ነበር። ወንድም አላየሁም።»

ጣቴን ከመምቻው አነሣሁ። የሺአረግ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር፤ ጥቁሩን ልብስ አላወለቀችም፤ ከረቡዕ ጀምሮ አፌን ነው የምታየው፣ አንድ ቃል ብናገራት ብላ።

«መለሰልህ?» አለችኝ። «ምን አለህ?»

«እንኳን ደህና መጣህ አለኝ» አልኳት።